ችሎት የቀረበው ፉከራ

ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ የሚወጣው መንገድ ጠዋት ጠዋት በጉም ይሸፈናል። ጉሙ ውስጥ ማን እንዳለ በዐይን አይለይም፤ በጆሮ ግን ይለያል። የበቅሎ ኮቴ ተሰምቶ፣ ከኮቴው ኋላ እንደ ማር የሚሳብ እንጉርጉሮ ከመጣ፣ ያ ያርጋል ስጦታ ነው። የቱሪስት ድንኳንና ድስት በሁለት በቅሎ ጭኖ ያን ዳገት ዐሥራ አምስት ዓመት ወጥቶ ወርዶበታል። ዕድሜው ከኀምሳ ትንሽ ያለፈ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሥቅ ዐይኑ የሚጠፋ ሰው ነው። ወለላ የምትባለዋ ግራጫ በቅሎው ዘፈን ካልሰማች ዳገት አትወጣም ይል ነበር። ጓደኞቹ ደግሞ "እሱ ራሱ ነው ካልዘፈነ ዳገት የማይወጣው" ይሉታል።

በ2003 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ያቆመውም ይኸው አንደበቱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጥር ላይ፣ ዳባት፣ በእህቱ ልጅ ሰርግ ላይ ነበር። ዳሱ ሞልቷል፣ ጠላው ይዞራል፣ ጭብጨባው ምሰሶውን ያንቀጠቅጣል። ወንዶቹ ተራ በተራ እየተነሡ ይፎክራሉ። አንበሳ የገደለ አለ፣ ሽፍታ የማረከ አለ፣ ነብር በጦር የወጋ አለ። በአገሩ ደንብ ልጅ የአባቱን፣ የልጅ ልጅም የአያቱን ጀብዱ "እኔ" እያለ ይፎክራል፤ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። የሙሽራዋ አጎት ያርጋል ዝም ብሎ ቢቀመጥ የሙሽራዋ ወገን ያፍራል። ስለዚህ ተነሣ፤ ዱላውን እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ ጣለና ዳሱን ከዳር እስከ ዳር ተንጎራደደበት።

ዘራፍ የበቅሎ ጌታ ዘራፍ የስጦታ፣
ዋልያን ከገደል አፍ በአንድ ጥይት የመታ፤
ጠመንጃው ሲያገሣ ደመናው ተከፍቶ፣
ባለ ቀንዱ ወረደ አምባውን ለኔ ትቶ።

ሴቶቹ እልል አሉ። የሚስቱ ዘመዶች የሆኑት አማቾቹ ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡለት። ስጦታ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የያርጋል አባት ነው፤ ተራራው ገና የተጠበቀ ፓርክ ሳይባል በወጣትነቱ ዋልያ ያደን ነበር። ያርጋል ግን ጥይት ተኩሶ አያውቅም። የያርጋል ጎረቤትና የፓርኩ ጥበቃ ስካውት የሆነው ሀብተ ሚካኤል፣ ገና የራሱን ፉከራ ጨርሶ ላቡን ሳይጠርግ፣ ሁለት ሲም የሚይዝ አዲስ የቻይና ሞባይሉን አውጥቶ ድምፁን ቀዳው። ክፋት አስቦ አልነበረም፤ ድምፁ ስላማረው ነው።

ከሰርጉ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ታዲያ ከቡይት ራስ በታች አንድ ዋልያ ሞቶ ተገኝቶ ነበር። ጅብ ቀድሞ ደርሶበት ስለነበር ገደል ይጣለው፣ ነብር ይዘንጥለው፣ ጥይት ይምታው የለየ ሰው የለም። የሀብተ ሚካኤል ሞባይል ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር፣ የያርጋል ድምፅም አብሮ ሲዞር፣ ዞሮ ዞሮ ፖሊስ ጣቢያ ገባ።

"ይህ ድምፅ ያንተ ነው?" አለ መርማሪው።

"የኔ ነው።"

"ዋልያ መትቻለሁ ያልከው አንተ ነህ?"

ያርጋል በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ጋቢ የደረቡለት አማቾች፣ የሙሽራው አባት፣ የዳባት ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል። አንድ ቃል "የአባቴን ነው" ቢል እዚያው ያልቅ ነበር። ፉከራን በማግስቱ መልሶ መዋጥ ግን ለእሱ በገበያ መሀል ሱሪ እንደ ማውለቅ ነው።

"ያልኩትን ብያለሁ" አለ ደረቱን ነፍቶ። "ሰው የፎከረውን ይክዳል እንዴ?"

መርማሪው ይህንኑ ጻፈ። ያርጋልም ፈረመ።

ሁለት ቀን ታስሮ በዋስ እስኪወጣ ድረስ ሚስቱ በለጠች ስንቁን ይዛ ስትመላለስ፣ መንገድ ላይ ለራሷ ብቻ የምታንጎራጉራት ነገር ነበረቻት።

ጉሙ ተገለጠ ሊማሊሞ ታየ፣
የኔስ ሰው ምን ነካው ከቤቱ ዘገየ።

ክሱ ሲደርሰው ሣቁ ጠፋ። የዱር እንስሳ በመግደል ይላል። ቢፈረድበት ዓመታት ይታሰራል፤ ከዚያም በኋላ በፓርኩ መንገድ በቅሎ መንዳት የለም። ያርጋል እስሩን አሰበው፤ ከእስሩ ይልቅ ያን ጠዋት፣ ያን ጉም፣ የወለላን ኮቴ አሰበ።

"ጠበቃ እንያዝ" አለች በለጠች።

"ይያዛ" አለ። "ግን ድምፅ ያለው መሆን አለበት።"

ያርጋል ስለ ጠበቃ የሚያውቀው ከሽማግሌ የሰማውን ነው። በድሮው ሙግት ተሟጋች ማለት ዱላውን ወርውሮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ባላጋራውን በቃል የሚያንበረክክ ነበር። ስለዚህ ደባርቅ ወርዶ መጀመሪያ የገባው በር ላይ ሆኖ ድምፁ መንገድ ድረስ ከሚሰማ ጠበቃ ዘንድ ነው። ጠበቃው ክሱን አገላብጦ አየ።

"ቃልህን ሰጥተህ፣ ፈርመህ፣ ድምፅህ ተቀድቶ ምን ልከራከር? እመን። አምነህ የቅጣት ማቅለያ እንጠይቃለን።"

ያርጋል በድምፁ ተማረከ። ማመኑም ደስ ሳይለው አልቀረም፤ ቢታሰርም ስሙ ዋልያ ገዳይ እንደተባለ ይኖራላ። "መልካም ሰው ነው፣ እንደ ነጋሪት ነው የሚያስተጋባው" ብሎ እስክሪብቶ ሊያነሣ ሲል በለጠች ክንዱን ያዘችው።

"ተነሥ።"

"ምነው?"

"ነጋሪት አልፈለግንም። ተነሥ አልኩህ።"

በለጠች ይዛው የወጣችበት የጠበቃ እስከዳር ቢሮ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ፣ በእንጨት ደረጃ የሚወጣ ጠባብ ክፍል ነው። እስከዳር ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ የደረስጌው መሪጌታ ልጅ ናት፤ ከጎንደር ሕግ ተምራ መጥታ የጥብቅና ፈቃዷን ግድግዳ ላይ ሰቅላለች። ስትናገር ለማዳመጥ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ያርጋል ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ሚስቱን በጎን አያት።

"ልጄ፣ አትቀየሚኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለ።

"ይጠይቁኝ፣ አያ ያርጋል።"

"እስቲ ድምፅሽን አንዴ ከፍ አድርጊልኝ። ከዚህ ሆነሽ የታችኛው ሱቅ ይሰማል?"

በለጠች ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። እስከዳር ግን አልተቀየመችም።

"ድምፁስ እርስዎ ዘንድ ሞልቷል፤ እሱ አይደለም እንዴ እዚህ ያደረሰዎት? እኔ ጆሮ ነው ያለኝ። ይንገሩኝና ልስማ። እዚህ የነገሩኝን እርስዎ ካልፈቀዱ ማንም አይሰማውም።"

"እንደ ንስሐ አባት ማለት ነው?"

"ያህል ነው። ቀኖና ግን አልሰጥም።"

ያርጋል ሣቀ። ከታሰረ ወዲህ ዐይኑ ሲጠፋ በለጠች ያየችው ያን ጊዜ ነው። ውሉን እዚያው ፈረሙ፤ ከዚያ ሰርጉን ከነ ጠላው፣ ከነ ጭብጨባው አወራላት። ዋልያውን ግን ሲደርስበት እየዘለለው ሄደ። እስከዳር ዝላዩን ሰማችው። "ሐሙስ ቤታችሁን ላየው እመጣለሁ" ብቻ አለች።

ሐሙስ ዕለት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ጠበቃዋ ጫማዋን ጭቃ አልብሳ ደረሰች። ደባርቅ ድረስ ተወርዶ የተያዘች ጠበቃ ቤት ስትመጣ በሽሮ አትሸኝም። በለጠች ቀዩን አውራ ዶሮ ይዛ ለባሏ ሰጠችው፤ ቢላዋውንም አቀበለችው። ሲቀበላት ዐይን ለዐይን ተያዩ። ያርጋል ዶሮውን በብብቱ ይዞ ወደ ጓሮ ዞረ።

ቆየ። በለጠች ሽንኩርቱን ከትፋ ጨረሰች። አሁንም ቆየ። እስከዳር ተነሥታ ወደ ጓሮ ብቅ ስትል ያርጋል ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ቢላዋው አጥሩ ሥር፣ እጅ በማይደርስበት ተጋድሟል። ዶሮው በብብቱ ሆኖ አንገቱን ይታሻል። ያርጋል ለወለላ የሚዘፍነውን እንጉርጉሮ በቀስታ ያንጎራጉርለታል። ዶሮው ዐይኑን ጨፍኗል።

"አያ ያርጋል?"

ደንግጦ ተነሣ። ዶሮው አልነቃም።

"እጄን... ወለም ብሎኝ ነው። ጎረቤቴን አገኘሁን ልጠራው ስል ነው የመጣሽብኝ።"

"የትኛው እጅዎን?"

ያርጋል ቀኙን አየ፤ ግራውን አየ።

"ሁለቱንም" አለ።

እስከዳር ከጎኑ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ማዶ ገደሉ አፍ ላይ ጉሙ እንደ ነጠላ ይዘረጋል፣ ይሰበሰባል። አልጠየቀችውም። ያርጋልም ጠብቆ ጠብቆ ተናገረ።

"ልጅ ሆኜ፣ ሰባት ዓመቴ ይሆናል፣ አባቴ ከጣለው ዋልያ አጠገብ አቆመኝ። እንድኮራ ነው። ዐይኑን አየሁት። ክፍት ነበር፤ ውስጡ ጉሙ ይታይ ነበር፤ ይኼ የምታይው ጉም። ጉሙ ሲሄድ ዐይኑም የሚሄድ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ እንቢ አለኝ። ዶሮም አልችል፣ በግም አልችል።"

"ታዲያ በየበዓሉ ማን ያርድላችኋል?"

በለጠች ከኋላቸው ደርሳ ኖሯል፤ የመለሰችው እሷ ናት። "ኧረ ተይኝ እቴ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በሽታ ስፈልግለት! ፋሲካ በመጣ ቁጥር አንዱን ጎረቤት፣ ገና በመጣ ቁጥር ሌላውን። አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ከጠራሁት ይነቃብኛላ። ለአንዱ እጁ ወለቀ፣ ለአንዱ ዐይኑን ታመመ፣ ለአንዱ ደግሞ ስለት አለበት። የቀረኝ ምጥ ነው።"

እስከዳር ሣቋን መዋጥ ስላቃታት ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች። ዞር ስትል ግን ዐይኗ በርቷል።

"አያ ያርጋል፣ መከላከያዎ ይኸው ነው። ዶሮ ማረድ የማይችል ሰው ዋልያ አይገድልም።"

የያርጋል ፊት ተለወጠ። "ይህንንማ ችሎት ፊት ከተናገርሽ ዋልያውን ገድዬው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰው ምን ይለኛል? የስጦታ ልጅ ዶሮ ፈራ ሊሉ? እነዚያ አማቾች ጋቢያቸውን ያስመልሱኛል።"

"እርስዎ ካልፈቀዱ ከአፌ አይወጣም፤ ቃሌ ነው። ግን ይወቁት፣ ፉከራ ደንብ ነው ብዬ ብቻ ነው የምከራከረው። ይበቃል ብዬ አልዋሽዎትም።"

ያ ዶሮ ያን ቀን ተረፈ። ጠበቃዋ ሽሮ በላች፤ ጣፈጣት።

ችሎቱ የዋለው መጋቢት ላይ፣ በጾሙ መካከል ነው። ከዳባትም ከቡይት ራስም የመጣው ሰው አግዳሚውን ሞልቶ በር ላይ ቆሟል። ያርጋል አማቾቹ የደረቡለትን ጋቢ ለብሶ ቆመ። በለጠች ከፊት ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት ታፍተለትላለች። ዐቃቤ ሕጉ ድምፁ ይሰማልኝ አለና ያች የቻይና ሞባይል ጠረጴዛ ላይ ተደረገች። ትንሽ ናት፤ ድምፅዋ ግን ከሰው ይበልጣል። *ዘራፍ የበቅሎ ጌታ* ስትል አዳራሹ ተንቀሳቀሰ። *አምባውን ለኔ ትቶ* ላይ ስትደርስ ከኋላ አንዲት ሴት ልማድ ሆኖባት እልል አለች።

"እዚህ ሰርግ የለም" አሉ ዳኛው።

"ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ፣ አምልጦኝ ነው።"

ሀብተ ሚካኤል ለዐቃቤ ሕግ ምስክርነት ቆመ። ያርጋልን ላለማየት ጣሪያውን ያያል። ድምፁን እሱ እንደቀዳ፣ ዋልያውም ሞቶ እንደተገኘ ተናገረ። እስከዳር ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሣች። ድምፅዋ ቀስ ያለ ስለሆነ አዳራሹ ሁሉ ለመስማት ጸጥ አለ፤ ያርጋልም ያን ጊዜ ጸጥታው ምን እንደሚሠራ ገባው።

"በዚያ ሰርግ እርስዎስ ፎክረዋል?"

"ፎክሬያለሁ።"

"ምን ብለው?"

ሀብተ ሚካኤል ጉሮሮውን ጠረገ። "አንበሳ ገዳይ ብዬ።"

"አንበሳውን የገደሉት የት ነው?"

"እኔ... አያቴ ናቸው፤ ቆላ ወርደው። እኔ አንበሳ በስዕል ነው የማውቀው።"

ሰው ሣቀ። ዐቃቤ ሕጉ ግን አልሣቀም። "ክቡር ፍርድ ቤቱ፣ ቡይት ራስ ላይ የሞተ አንበሳ አልተገኘም። የሞተ ዋልያ ግን ተገኝቷል። ተከሳሹም ፖሊስ ፊት አልካደም።"

ዳኛው መነጽራቸውን አስተካክለው "ተከሳሽ የሚሉት አለ?" አሉ። እስከዳር ወደ ያርጋል ዞረች። ፈቃዱን ብቻ ጠበቀች።

ያርጋል አማቾቹን አየ። ጋቢውን አየ። ቀጥሎ በለጠችን አየ፤ ጥለቷን ፍትልትል አድርጋ ጨርሳ ጣቷን ይዛለች። ሃያ ስምንት ዓመት በሽታ ስትፈልግለት የኖረች ሴት ናት። ነገ ደግሞ ስንቅ ይዛ በጉሙ ስትመላለስ ታየው። ጋቢውን ከትከሻው አወረደና አጥፎ ክንዱ ላይ አደረገው።

"ጌታዬ" አለ፣ ያ ድምፁ ቀጥኖ። "ጠበቃዬ የምታውቀውን ሁሉ ትናገር፤ ፈቅጃለሁ። አይ፣ እኔው ልናገረው። የፎከርኩት የአባቴን ነው። እኔ... እኔ እንኳን ዋልያ ዶሮ አርጄ አላውቅም። አልችልም።"

"ዶሮ?" አሉ ዳኛው።

"ዶሮ። በግም። እጄ እንቢ ይለኛል።"

ዐቃቤ ሕጉ ፈገግ ብሎ "ይህንን ማን ይመሰክራል?" ሲል ያላሰበው ነገር ሆነ። ገና ከመቆሚያው ያልወረደው ሀብተ ሚካኤል ግንባሩን ይዞ አፈጠጠ።

"ቆይ" አለ። "ያለፈውን ፋሲካ በጉን ያረድኩለት እኔ ነኝ። እጁ ወልቆ።"

ከአግዳሚው መካከል ጎረቤቱ አገኘሁ ተነሣ። "የገናውንስ እኔ አይደለሁ? ስለት አለብኝ ብሎኝ።"

"ካቻምና ዐይኑን ታሞ እኔ ነኝ" አለ ከበሩ አንድ ድምፅ።

"የልጁን ክርስትና ሙክት እኔ" አሉ ጋቢውን የደረቡለት ትልቁ አማች፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው እየተነሡ። "ወገቤን ብሎኝ ነበር። ወገቡን እኮ ሁለት ሳምንት ሙሉ አሸሁለት።"

ያኔ አዳራሹ ፈነዳ። ሰው እርስ በርሱ እየዞረ ዓመት ይቆጥራል፣ በሽታ ይቆጥራል። በለጠች ፊቷን በነጠላ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ማልቀስ ይሁን መሣቅ እሷም አልለየችው። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ፤ ሁለተኛ ሲመቱ ግን ፊታቸውን መዝገቡ ውስጥ ቀብረው ነበር። እስከዳር ጸጥ እስኪል ጠበቀችና በዚያ ቀስ ባለ ድምፅዋ "ክቡር ፍርድ ቤቱ፣ እነዚህ ሰዎች በመከላከያ ምስክርነት ይመዝገቡልኝ" አለች።

ተመዘገቡ። በሚቀጥለው ቀጠሮ እየተማማሉ መሰከሩ። ሚያዝያ በባተ በሳምንቱ፣ ያርጋል ስጦታ በነፃ ተሰናበተ። ዳኛው መዝገቡን ከዘጉ በኋላ "ለወደፊቱ ሲፎክሩ የማን እንደሆነ መጨረሻው ላይ ይናገሩ" አሉት።

ነፃ ወጣ፤ ግን ሐፍረቱ አለቀቀውም። ጋቢውን ለትልቁ አማች መልሶ ላከ። ጭነት ሲያገኝ ሰው ሳይነሣ ወጥቶ ሰው ከገባ በኋላ ይመለሳል። እንጉርጉሮም የለ። ወለላ ዳገቱ ሥር ቆማ ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃለች፤ ዘፈኑን ስታጣ አልንቀሳቀስም ትላለች።

"በቅሎዋስ ምን አደረገችህ?" ትለዋለች በለጠች። "እሷ አልመሰከረችብህም።"

ፋሲካ ደረሰ። ጠዋት ፀሐይ ገደሉን ስትነካ በጉ አጥሩ ላይ ታስሯል፤ በለጠች ዘንድሮ ማንን፣ በምን በሽታ እንደምትጠራ ጨንቋት ደጃፍ ቆማለች። ከማዶ ሀብተ ሚካኤል ነጭ በነጭ ለብሶ ሲመጣ አየችው። እጁ ላይ ቢላዋ ይዟል።

"እንኳን አደረሳችሁ። በዚህ ሳልፍ ነው።"

በዚህ የሚያልፍ መንገድ የለም። ወዲያው ከኋላው አገኘሁ መጣ፤ የተሳለ ቢላዋ ይዟል። "ሞረድ ካላችሁ ብዬ ነው" አለ። በመጨረሻ ከዳባት በጠዋት የተነሡት ትልቁ አማች በምርኩዛቸው እየተደገፉ ደረሱ፤ በቀኝ ክንዳቸው ያን ጋቢ፣ በመቀነታቸው ቢላዋ።

ያርጋል ከቤት ወጣ። ሦስት ቢላዋ፤ የራሱን ጨምሮ አራት። ሰዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። ሊሥቁበት የመጣ አንድም ሰው አልነበረም።

አማቹ ጋቢውን ትከሻው ላይ ደረቡለትና "ዘንድሮስ ምንህን አመመህ?" አሉት።

ያርጋል ዐይኑ ጠፋ።

"ዘንድሮ ደኅና ነኝ" አለ። "እረዱልኝ።"

እነሱ በጉን ወደ ጓሮ ሲወስዱ እሱ ወደ ገደሉ ዞሮ ቆመ። ቀዩ አውራ ዶሮ ከእግሩ ሥር ይጭራል። ሀብተ ሚካኤል ከጓሮ "ያርጋል፣ ዝም አትበል፣ እጃችን እንዲፈጥን" ብሎ ጮኸበት። ያርጋልም ከዚያ ከችሎት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉሮሮውን ከፈተ። ሀብተ ሚካኤል ደም የነካ እጁን እየጠረገ ሞባይሉን አወጣ፤ አየውና መልሶ ኪሱ ከተተው፤ በጆሮው ብቻ ሰማ።

ዘራፍ የስጦታ ልጅ ቢላ የሚፈራ፣
ዋልያ ከገደሉ ስሙን የሚጠራ፤
ጎረቤቱ ሁሉ ቢላ ይዞ ሲመጣ፣
ችሎቱን አሥቆ በነፃ የወጣ።

ወለላ ከበረቷ አንገቷን አወጣች። የማን እንደሆነ መጨረሻው ላይ መናገር አላስፈለገውም፤ ይህኛው የራሱ ነበር።